ቪዮም ያልቀዳው

ዣን-ባቲስት ቪዮም በ1875 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ሲሞት፣ ከወርክሾፑ የወጡት ቫዮሊኖች፣ ቪዮላዎችና ቼሎዎች ከ3,000 አልፈው ነበር። አብዛኞቹ የሌላ ሰው ሥራ ቅጂዎች ናቸው፤ የድሮዎቹ የጣሊያን ሊቃውንት የስትራዲቫሪ፣ የጓርኔሪ ዴል ጄዙ፣ የማጂኒ፣ የአማቲ። በዚህም የተነሳ ስሙ ሲነሳ "ጎበዝ አስመሳይ፣ ከዚያም የበለጠ ጎበዝ ነጋዴ" ተብሎ ይታለፋል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ቫዮሊን መቅዳት ስዕል እንደመገልበጥ አይደለም፤ ሠሪው በየደረጃው የትኛውን ነገር እንደሚከተልና የትኛውን እንደሚተው መወሰን አለበት፤ ሲሳሳትም ስህተቱ በድምፁ ይወጣል። ቪዮም የነገሩን ብልት የሚያውቅ ሰው ነበር።

የተወለደው ኦክቶበር 7 ቀን 1798 በሚርኩር ነው። ሚርኩር በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በቮዥ አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቫዮሊን መሥራት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድባት ኖሯል። የቪዮም ወንድሞችም በዚሁ ሙያ ያደጉ ናቸው፤ አንደኛው በኋላ ብራስልስ ውስጥ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቷል። የሚርኩር ሥራ በብዛቱና በርካሽነቱ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ቫርኒሽ ሳይቀባ፣ ነጩን እንደሆነ፣ ወደ ፓሪስ ይላክና እዚያ ይጨረስ ነበር። ከዚህ አካባቢ የወጣ ወጣት ለመሣሪያ አያያዝ እጁ የተፈታ ነው፤ የሚጎድለው የታላላቆቹን ሥራ ከቅርብ ማየት ነው።

በ1818 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከፍራንሷ ሻኖ ዘንድ ተቀጠረ። ሻኖ በሙያው የባሕር ኃይል መሐንዲስ ሲሆን ማዕዘን የሌለው፣ ጊታር የሚመስል ቫዮሊን ፈልስፎ ነበር። ሐሳቡ ገበያ አላገኘም። ቪዮም ከሦስት ዓመት በኋላ ሌቴ ወደሚባል የኦርጋን ሠሪ ቤት ተሻገረ፣ በ1828 ደግሞ በክሯ ዴ ፕቲ ሻን መንገድ ቁጥር 46 የራሱን ሱቅ ከፈተ። በዚያ ዘመን የፓሪስ ሙዚቀኛ ስለ አዲስ ቫዮሊን መስማት አይፈልግም ነበር። የሚፈለገው የድሮው የጣሊያን ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከአብዛኛው ተጫዋች አቅም በላይ ነበር። ቪዮም ክፍተቱን አየው። አሮጌ መልክ ያላቸው፣ በጥንቃቄ የተቀዱ ቫዮሊኖችን በ300 ፍራንክ፣ ቼሎዎችን በ500 ፍራንክ መሸጥ ጀመረ።

እስቲ ወደ ሥራው እንግባ። ቫዮሊን የሚጀምረው ከእንጨት ምርጫ ነው። የፊቱ ሰሌዳ ስፕሩስ ነው፤ በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ቀስ ብሎ ያደገ፣ የዕድገት ቀለበቶቹ ጠባብና ቀጥ ያሉ የጥድ ዘመድ። ጀርባው፣ ጎኖቹና አንገቱ ሜፕል ናቸው። ሁለቱም እንጨቶች ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ በሚሄድ አቅጣጫ፣ እንደ ቂጣ ቁራሽ በሦስት ማዕዘን ተሰንጥቀው ለዓመታት ይደርቃሉ። በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ በመሰንጠቅ የወጣ እንጨት ይመረጣል፤ ስንጥቁ የእንጨቱን ጭረት ይከተላልና። መጋዝ ግን ጭረቱን አቋርጦ ሊሄድ ይችላል፤ ጭረቱ የተቆረጠ ሰሌዳ በርዝመቱ ጥንካሬ ያጣል፣ ክሮቹን ደግፎ ከሚይዘው ቀጭን እንጨት፣ ከብርኩማው በታችም ቶሎ ይረግባል።

ከእንጨቱ ቀጥሎ የመሣሪያውን ዙሪያ ቅርጽ የሚሰጠው ፎርማ ይመጣል፣ የቪዮም የመጀመሪያው "አለመቅዳት" የሚታየውም እዚህ ነው። ስትራዲቫሪ ጎኖቹን የሚያጠፈው በውስጥ ፎርማ ዙሪያ ነበር፤ ስድስቱ ትናንሽ ጉርዶች (ጎኖቹ በማዕዘኖቹና በሁለቱ ጫፎች የሚያያዙባቸው የእንጨት ቁራጮች) በፎርማው ጠርዝ ላይ ለጊዜው ይጣበቃሉ፣ ጎኖቹ ከውጭ ይታሰራሉ። በዚህ አሠራር የመጨረሻው የዙሪያ መስመር በጎኖቹ ውፍረትና በማዕዘኖቹ አነጣጠር ስለሚወሰን እያንዳንዱ ቫዮሊን ከወንድሙ ትንሽ ይለያል። ቪዮም ግን በውጭ ፎርማ ተጠቀመ፤ የመሣሪያው ቅርጽ ተፈልፍሎ የወጣለት ወፍራም ጣውላ ነው፣ ጎኖቹ ከውስጥ በኩል ወደ ግድግዳው ተጨምቀው ይያዛሉ። መስመሩ ከውጭ ስለተወሰነ አሥር ሠራተኞች አሥር ቫዮሊን ቢሠሩ ዙሪያቸው አንድ ይሆናል። የስትራዲቫሪን ውጤት ፈለገ፣ የስትራዲቫሪን መንገድ ግን ተወ። አሠራሩ ለትልቅ ወርክሾፕ እንደሚስማማ ግልጽ ነው። የሚከፈልበት ዋጋም አለ። የክሬሞና (ስትራዲቫሪና ጓርኔሪ የሠሩባት የጣሊያን ከተማ) ሥራ ያላት ያች ትንሽ አለመመጣጠን፣ የግራው ትከሻ ከቀኙ በፀጉር ያህል ዝቅ ማለቱ፣ በፈረንሳዩ ሥራ ላይ ትጠፋለች። የለመደ ዓይን የቪዮምን ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚሁ ከልክ ባለፈ ንጽሕና ነው።

ጎኖቹ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተልገው በጋለ ብረት ላይ ይታጠፋሉ፤ ቁመታቸው 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሜፕሉ ነበልባል የመሰለ ጥለት ካለው አደጋው እዚህ ይመጣል። ጥለቱ የሚፈጠረው የእንጨቱ ጭረት ሞገድ ሠርቶ ሲያድግ በመሆኑ፣ ጭረቱ በላይኛው ገጽ ላይ በየቦታው ተቆርጦ ይወጣል፤ ብረቱ በቂ ሙቀት ከሌለው ወይም እጅ ከቸኮለ በጥለቱ ላይ ቀጭ ይላል። መፍትሔው እንጨቱን በጥቂቱ አርጥቦ፣ ከውጭ በኩል በስስ ብረት ቅጠል ደግፎ፣ ሙቀቱ እስኪገባው መጠበቅ ነው። ውኃ ማብዛት ደግሞ ጥለቱን ያሳብጠውና ሲደርቅ ገጹ ይቆረፍዳል።

ሁለቱ ሰሌዳዎች ከወፍራም እንጨት በጎድጓዳ መሮ፣ ቀጥሎ በጣት በሚያዙ ትናንሽ መላጊያዎች፣ በመጨረሻም በብረት መፋቂያ ይቀረጻሉ። የፊቱ ጉብታ ከጠርዙ እስከ አናቱ 15 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ቦይ ይቆፈርና ጥቁር-ነጭ-ጥቁር ሆነው የተጣበቁ ሦስት ስስ የእንጨት ክሮች ይቀበሩበታል። ይህ መስመር ለጌጥ ብቻ የገባ የሚመስላቸው አሉ፤ ከጠርዝ የሚነሳ ስንጥቅ ወደ መሐል እንዳይዘልቅም ያግዳል።

ከዚያ ውስጡ ይፈለፈላል። ለእኔ የመላው ሥራ ልብ ያለው እዚህ ነው፣ መቅዳትም ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እዚህ ነው። የፊቱ ሰሌዳ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የጀርባው መሐል 4.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ ወደ ጠርዙ 2.5 ድረስ ይሳሳል። አንድ ሰው የስትራዲቫሪን ሰሌዳ በካሊፐር በየሴንቲ ሜትሩ ለክቶ ያንኑ ቁጥር በራሱ እንጨት ላይ ቢያወርድ ቅጂው ትክክል ይመስለዋል። አይደለም። ስፕሩስ በኪዩቢክ ሜትር 350 ኪሎ የሚመዝን አለ፣ 450 የሚመዝንም አለ። ሁለቱን እኩል 2.8 ሚሊ ሜትር ብታደርጋቸው አንደኛው የሚንቀጠቀጥ ቅጠል፣ ሌላው የሞተ ጣውላ ሊሆን ይችላል። ባስ ባር (ከፊቱ ሰሌዳ ውስጥ በርዝመቱ የሚለጠፍ የእንጨት ዘንግ) ከመለጠፉ በፊት የፊቱ ሰሌዳ 65 ግራም አካባቢ ሲመዝን ደህና ነው ይባላል፤ እዚያ ለመድረስ ቀላሉ እንጨት ወፍራም፣ ከባዱ ስስ መሆን አለበት። ስለዚህ የሚቀዳው ቁጥሩ ሳይሆን ሰሌዳው ሲታጠፍና ሲንኳኳ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። በቪዮም ዘመን ገበያ ላይ ከነበሩት የጣሊያን ቫዮሊኖች ብዙዎቹ በ100 ዓመት ውስጥ በጠጋኞች እጅ አልፈዋል። አንዳንዱ "ድምፁ ይከፈትለታል" ተብሎ ከውስጥ እንደገና ተፍቆ ሳስቷል። የፊቱ ጉብታም በክሮቹ ጫና ከብርኩማው ሥር ረግቦ፣ በግራና በቀኝ አብጧል። ይህን ያልተረዳ ቀጂ የጠጋኙን ጥፋትና የዘመኑን ርግበት እንደ ሊቁ ሐሳብ አድርጎ ይቀዳል። ቪዮም ይህን ለመለየት የሚያስችለው አንድ ዕድል ነበረው፤ ታላላቅ መሣሪያዎች ለጥገናና ለሽያጭ ወደ ሱቁ ይመጡ ነበር። የተነካውን ካልተነካው የሚለየው ብዙ የከፈተ ሰው ነው።

ዕድሉን ለሳይንስም አካፍሎታል። የፊዚክስ ሊቁ ፌሊክስ ሳቫር ስለ ቫዮሊን ድምፅ ሲመራመር መሣሪያዎቹን ያቀረበለት ቪዮም ነው። ሳቫር የስትራዲቫሪንና የጓርኔሪን ሰሌዳዎች ለብቻቸው አንቀጥቅጦ፣ በደህና ቫዮሊን ላይ የፊቱና የጀርባው ሰሌዳ የሚሰጡት ድምፅ በግማሽ ወይም በአንድ ሙሉ ቶን (የሙዚቃ ድምፅ ርቀት መለኪያ) እንደሚለያይ ጽፏል። ሁለቱ አንድ ድምፅ ከሰጡ መሣሪያው ችግር ያመጣል የሚለው ሐሳብ ዛሬም በወርክሾፖች ይሠራበታል።

አንገቱን ቪዮም ፈጽሞ አልቀዳም፤ ልክም ነበር። የስትራዲቫሪ አንገት አጠር ያለ ሲሆን ከሰውነቱ ጋር የሚያያዘው ከውስጥ በሚገባ ምስማር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳራሾች ሰፉ፣ ቅኝት ከፍ አለ፣ ተጫዋቾችም በጣት ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ መውጣት ፈለጉ። ስለዚህ አንገቱ ወደ 130 ሚሊ ሜትር ረዘመ፣ ወደ ኋላ ዘንበል አለ፣ በላይኛው ጉርድ ውስጥ በተፈለፈለ ማጎሪያ ገብቶ በሙጫ ተያዘ። 130 የተመረጠው በከንቱ አይደለም፤ ከሰሌዳው ጠርዝ እስከ ብርኩማው ካለው 195 ሚሊ ሜትር ጋር ሁለት ለሦስት ይሆናል፣ ይህ ምጣኔ ከተዛባ ከሌላ ቫዮሊን የመጣ ተጫዋች ጣቱ ቦታውን ይስታል። በግራ በኩል ከውስጥ የሚለጠፈው ባስ ባርም ረዘመ፣ ጠነከረም። የድሮዎቹ ቫዮሊኖች ራሳቸው በዚያው ዘመን አንድ በአንድ ተከፍተው በዚህ መልክ ተለውጠዋል።

ሙጫው ከቆዳ የተቀቀለ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል፤ ከፈላ ጥንካሬውን ያጣል። ጎኖቹና አንገቱ በወፍራም ሙጫ ሲጣበቁ የፊቱ ሰሌዳ ግን ሆን ተብሎ በቀጠነ ሙጫ ይለጠፋል። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ወደፊት ለጥገና በስስ ቢላ መከፈት አለበት። ሁለተኛ፣ በደረቅ ወቅት ስፕሩሱ በወርዱ ሲሸበሸብ መጋጠሚያው ቢለቅ የተሻለ ነው፤ ሙጫው አልለቅም ካለ ሰሌዳው ራሱ ይሰነጠቃል። የተላቀቀን ጠርዝ ማጣበቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ በድምፅ ምሰሶው (ከውስጥ ሁለቱን ሰሌዳዎች በሚያገናኘው ትንሽ ዘንግ) ቦታ ላይ የወጣን ስንጥቅ መጠገን ግን የሳምንታት ሥራ ሲሆን የመሣሪያውንም ዋጋ ይቀንሳል።

ቫርኒሹ ቀይ፣ አንዳንዴም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነው። የቪዮም ቅጂዎች ገዢውን በመጀመሪያ የሚይዙት በዚህ ነው። አርጅቶ እንዲታይ ቫርኒሹን የሚያሳሳው እጅ በሚነካበት ቦታ ነው፤ የተጫዋቹ ግራ እጅ በሚደገፍበት ትከሻ፣ አገጭ በሚያርፍበት ጎን፣ በጀርባው መሐል፣ በአንገቱ ጫፍ ባለው ጥምዝ ራስ ጠርዞች። ደካማ አስመሳይ መላውን ገጽ እኩል ያረጃል፤ ያ ደግሞ ወዲያው ያስነቃዋል።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ የምወደው ሠሪ ስለሆነ አልዘለውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቪዮም ዕድሜን ራሱን ለመቅዳት እንጨቱን በሙቀት ያበስል ነበር ተብሎ ይነገራል። ዘዴው በዘመኑ ሌሎችንም አታሏል። የጋለ እንጨት ይጠቁራል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ለጊዜውም የአሮጌ ዕቃ ዓይነት ፈጣን ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን የእንጨቱን ሕዋሳት አያይዘው የሚይዙት ንጥረ ነገሮች በሙቀት ይፈርሳሉና እንጨቱ ይሰባበራል። የዛሬ አራት ክሮች ተወጥረው አንድ ላይ ከ20 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ ከዚህ ውስጥ ሰባት ስምንት ኪሎው በብርኩማው በኩል በቀጥታ ወደ ታች ይጫናል። የተቃጠለ ስፕሩስ ይህን ለአሥርተ ዓመታት አይችለውም። ቪዮምም ዘዴውን ትቶ በተፈጥሮ ወደደረቀ እንጨት ተመልሷል፤ የኋለኛዎቹ ሥራዎቹ፣ በተለይ ከ1850ዎቹ ወዲህ ያሉት፣ ዛሬም በትልልቅ መድረኮች ላይ ናቸው። አሜሪካዊቷ ሂላሪ ሃን የምትጫወትበት ቫዮሊን የ1864 ቪዮም ነው፤ የተቀዳውም "ካኖኔ" ከሚባለው፣ ከጣሊያናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከፓጋኒኒ መሣሪያ ነው።

ካኖኔን ጓርኔሪ ዴል ጄዙ የሠራው በ1743 ነው። ፓጋኒኒ ፓሪስ ሳለ ለጥገና ቪዮም ዘንድ አስገባው፣ ቪዮምም በዚያው አጋጣሚ ቀዳው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያቀርብለት ፓጋኒኒ ራሱ መለየት አቅቶት በድምፅ ብቻ ለየው ይባላል። ታሪኩን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ለዓመታት አገጩ ሥር የያዘውን ቫዮሊን እጁ ሳያውቀው አይቀርም። ቅጂው ግን አለ፤ የፓጋኒኒ ተማሪ ካሚሎ ሲቮሪ ዕድሜውን ሙሉ ተጫወተበት፣ ዛሬም ጄኖቫ ውስጥ ከካኖኔ ጋር በአንድ ቤት ይታያል።

ክሮቹ ስለሚገዘገዙበት ደጋን ሳልናገር ባልፍ ግማሹን ቪዮም ትቼዋለሁ። ዶሚኒክ ፔካት፣ ፒየር ሲሞን፣ ፍራንሷ ኒኮላ ቯራን የመሳሰሉ ታላላቅ ደጋን ሠሪዎች በእሱ ወርክሾፕ ሠርተዋል። ራሱም ሙከራ አላጣም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ደጋን፣ ተጫዋቹ የፈረስ ጭራውን ራሱ የሚቀይርበት እጀታ። እነዚህ አልዘለቁም። የዘለቀው ጥናቱ ነው። ፍራንሷ ግዛቪየ ቱርት የሚባለው የደጋን ሊቅ እንጨቱን በዓይኑና በእጁ ብቻ ያሳሳ ነበር፤ ቪዮም የቱርትን ደጋኖች ለክቶ ሥርዓቱን አገኘው። 700 ሚሊ ሜትር ከሚረዝመው እንጨት የመጀመሪያው 110 ሚሊ ሜትር ሳይሳሳ 8.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቀጥላል። ከዚያ እስከ ጫፉ ወደ 5.3 ይወርዳል። አወራረዱ ግን እኩል አይደለም፤ እንጨቱ በ0.3 ሚሊ ሜትር የሚቀንስባቸው ነጥቦች ወደ ጫፉ በቀረቡ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። ደጋን እኩል ከተሳሳ መሐሉ ይለሰልስና ጠንከር ተደርጎ ሲጫወቱበት ከእጅ ያመልጣል። የሙዚቃ ምሁሩ ፌቲስ ይህን ስሌት በ1856 ከስትራዲቫሪ የሕይወት ታሪክ ጋር አሳትሞታል። እዚህ ላይ ቪዮም የቀዳው የእንጨቱን ቅርጽ ሳይሆን በቅርጹ ውስጥ የነበረውን ሕግ ነው፣ ለእኔ ከ3,000ዎቹ መሣሪያዎች ጋር የሚስተካከል ሥራ ነው።

ኦክቶባስ የተባለውን ግዙፍ መሣሪያም ሠርቷል፤ 3.48 ሜትር ቁመት፣ ሦስት ክር፣ ጣት ስለማይደርስ ክሮቹን በማንሻና በፔዳል የሚይዝ። በ1851 የለንደን ኤግዚቢሽን ላይ ከፍተኛውን ሜዳሊያ አገኘ። በኋላም መኖሪያውንና ሥራውን ሌ ቴርን ወደሚባለው አካባቢ አዛወረ፤ ከፓሪስ የቀረጥ ክልል ውጭ ስለነበር ለሚያስገባው እንጨት ቀረጥ አይከፍልም ነበር።

በ1854 ሉዊጂ ታሪዚዮ ሞተ። በየገዳሙና በየገጠሩ እየዞረ የተረሱ የክሬሞና መሣሪያዎችን የሚሰበስብ ጣሊያናዊ ነበር። ቪዮም ወሬውን እንደሰማ ወደ ጣሊያን ተጓዘና የሟቹን ስብስብ በ80,000 ፍራንክ ከወራሾቹ ገዛ፤ ከ140 የሚበልጡ መሣሪያዎች። ከመሐላቸው ታሪዚዮ ለዓመታት ሲያወራለት ያላሳየው የ1716 ስትራዲቫሪ ነበር። የቪዮም አማች፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴልፊን አላር፣ "እንደ መሲሕ ሁሌ የሚጠበቅ፣ መቼም የማይመጣ" ብሎ ቀልዶበት ስለነበር ስሙ "መሲሕ" ሆኖ ቀረ። የተጫወተበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቫርኒሹ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ቪዮም እስኪሞት አልሸጠውም። አንገቱን አስረዘመ፣ የተቀረጸ የክር ማሰሪያና መቃኛ አደረገለት፣ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን ስትራዲቫሪዎቹን በእሱ ልክ ሠራ። ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም ውስጥ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ይህ ከልክ በላይ አዲስ የሚመስል ቫዮሊን የቪዮም የራሱ ሥራ ቢሆንስ የሚል ጥርጣሬ ተነስቶ ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ደረሰ። ፈቺ የሆኑት የእንጨቱ ቀለበቶች ናቸው። የፊቱ ሰሌዳ የመጨረሻ ቀለበት በ1680ዎቹ ውስጥ የበቀለ መሆኑ ተለካ፤ ይህ ከስትራዲቫሪ ዘመን ጋር ይስማማል። ዘዴው የሚነግረን ዛፉ ከመቼ በፊት ሊቆረጥ እንደማይችል ብቻ ስለሆነ የሠሪውን ስም አይጽፍም፤ አብዛኛው ባለሙያ ግን ከቅርጹና ከመሣሪያ ምልክቶቹ ጋር ደምሮ የስትራዲቫሪ ነው ይላል። ጥርጣሬው ጨርሶ ሊነሳ መቻሉ በራሱ የቪዮምን እጅ ይመሰክራል።

ዛሬ የቪዮም ስም ያለበት ቫዮሊን ለሽያጭ ሲቀርብላችሁ በወረቀቱ አትመኑ። ስሙን የለጠፉ የሚርኩርና የጀርመን ፋብሪካ ሥራዎች ሞልተዋል። እውነተኛው ብዙውን ጊዜ በጀርባው ሰሌዳ የውስጥ ገጽ ላይ ተከታታይ ቁጥርና ፊርማ አለው፤ በፊቱ ሰሌዳ ላይ ባለው የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ በኩል በትንሽ መስተዋትና ብርሃን ይታያል። "ሴንት ሴሲል" የሚል ካለው በወንድሙ በኩል ሚርኩር ውስጥ ለእሱ የተሠራ ርካሽ ዓይነት ነው፤ ሐሰት አይደለም፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። በድምፅ ምሰሶው አካባቢ ስንጥቅ መኖሩን፣ የፊቱ ሰሌዳ ከብርኩማው ሥር መርገቡን፣ አንገቱ መቀየሩን አስመርምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ መብሰሉን ከመግዛታችሁ በፊት የታወቀ ጠጋኝ ይክፈተውና ይመልከተው።